ሠልጥኜ የጫንኩት ፍሪጅ

ከሰው ሁሉ የምፈራው የሠለጠነ ሰው ነው። ያልሠለጠነ ሰው ሲሳሳት ይቅርታ ይጠይቃል፤ የሠለጠነ ሰው ሲሳሳት ግን ቁጭ ብሎ ያስረዳችኋል። ይህን የተማርኩት ከማንም አይደለም፣ ከራሴ ነው። እኔ መቱ ከተማ ፊዚክስ የማስተምር፣ ዕድሜዬ ወደ አርባ እያዘገመ ያለ፣ ከትዳር ይልቅ ሥልጠና የቀናኝ ሰው ነኝ። ስለ ጓሮ አትክልት ሠልጥኛለሁ፤ ጓሮ የለኝም። ስለ ጊዜ አጠቃቀም ሠልጥኛለሁ፤ እሱንም አርፍጄ ነው የገባሁት። ሻይና ቦንቦሊኖ ያለበት አዳራሽ ከሆነ ርዕሱን ሳልጠይቅ እገባለሁ።

ጉድ ያፈላብኝ ሥልጠና ግን የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክስ ውዳቂ እንዴት እንደሚወገድ የሚያስተምረው ነው። አሠልጣኙ ከአዲስ አበባ የመጣ ቀጭን ሰውዬ ነበር። የሞተ ሬዲዮ፣ የተሰበረ ቴሌቪዥን፣ ያበጠ የሞባይል ባትሪ ጓሮ አይቀበርም፤ መሬቱንም ውሃውንም ይመርዛል አለን። እሳት ውስጥ አይጣልም፤ ጭሱ ሳንባ ይበላል። መዳብ አወጣለሁ ተብሎ ገመድ አይቃጠልም። ለልዋጭ ነጋዴም አይሰጥም፤ በድንጋይ ፈርክሶ የሚፈልጋትን ይወስድና የቀረውን ወንዝ ዳር ይደፋዋል። ታዲያ ምን ይሁን? ይሰብሰብና ለዚሁ ሥራ የተመደበው መኪና ሲመጣ ይረከብ። ፍሪጅ ከሆነ ደግሞ ሲጓጓዝ ቆሞ እንጂ ተኝቶ አይሄድም። ከሁሉ በፊት ግን፣ አለ ሰውዬው ጣቱን ቀስሮ፣ ማንኛውም ዕቃ ከመጫኑ በፊት ውስጡ ባዶ መሆኑ ይረጋገጥ።

ይህችን የመጨረሻዋን ደንብ እጄን አውጥቼ፣ ከወንበሬ ተነስቼ፣ በምሳሌ አስደግፌ ለተሰብሳቢው ደግሜ ያስረዳሁት እኔ ነኝ። ማንም አልጠየቀኝም። «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» የሚለው ተረት ለእኔ ሳይተረት አልቀረም።

በመጨረሻ ከናቴራ፣ ጓንትና የአፍ መሸፈኛ ታደለን። መኪናው በመጪው ቅዳሜ ገበያው አጠገብ ያለው ሜዳ ላይ እንደሚቆም ተነገረን። እኔም የሰፈሬ አስተባባሪ ሆኜ ተመረጥኩ። ተመረጥኩ ስል ሌላ ሰው እጁን አላወጣም ማለቴ ነው።

እንግዲህ የእኛን አገር ጠባይ ታውቁታላችሁ። እኛ ዘንድ የሞተ ዕቃ አይጣልም፤ ሹመት ይሰጠዋል። የሞተው ቴሌቪዥን ዳንቴል ለብሶ የአዲሱ ቴሌቪዥን ማስቀመጫ ይሆናል። ያለቀ የባትሪ ድንጋይ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ከዚያ ይነከሳል፣ ከዚያ እንደገና ይሞከራል። ፍሪጅ ከሞተ ደግሞ፣ ወይ ፍሪጅ! ከመቀዝቀዝ ጣጣ ተገላግሎ ቁም ሣጥን ይሆናል። የበሩ ላስቲክ ግጥም ስለሚል ጉንዳን አያስገባም፣ አይጥ አይደፍረውም፣ የኢሉባቦር ዝናብ አላቋርጥ ሲል እንኳ እርጥበት አያገኘውም። እኔ ራሴ ቤት ያለው ፍሪጅ ከሞተ ጀምሮ የሚያስቀምጥልኝ ሱሪዎቼን ነው። ይህን ልብ በሉልኝ። በየማለዳው ሱሪ ለመልበስ ፍሪጅ የምከፍት ሰው ነኝ። ያን ዕለት ቅዳሜም ሱሪዬን ከፍሪጅ አውጥቼ፣ ቀበቶዬን ከእንቁላሉ መደርደሪያ አንስቼ፣ ታጥቄ ነው የወጣሁት።

አሁን ወደ ልቤ ጉዳይ ልምጣ። አስቴር ትባላለች። ገበያው አፋፍ ላይ ልብስ ትሰፋለች። ተዋደናል፣ ተስማምተናል፣ የቀረው እናቷን መጠየቅ ነበር። እናቷ እትዬ ብርነሽ ከጉራጌ አገር መጥተው መቱ ላይ ሱቅ የከፈቱ፣ ባላቸው ካረፉ ወዲህ ቤቱን ብቻቸውን ቀጥ አድርገው የያዙ ሴት ናቸው። ሰውን ሲያዩት ከእግር እስከ ራሱ ይመዝኑታል፤ ከጎደለ አይምሩም። በማግስቱ እሁድ ሽማግሌዎቼ ሊሄዱላቸው ቀጠሮ ተይዟል።

የሽማግሌዎቹ አለቃ ጎረቤቴ ኦቦ ገመቹ ናቸው፤ ቡና ያለሙ፣ ቀፎ የሰቀሉ፣ የተጣላ ሲያስታርቁ ፀጉራቸው የሸበተ አዛውንት። ጠባዬን ስለሚያውቁ አርብ ዕለት ጠርተው አስጠነቀቁኝ።

«ስማ፣ ያቺ ሴትዮ ቀላል ሰው አይደለችም። እስከ እሁድ ድረስ ሂን ሶቾኢን! ንቅንቅ እንዳትል። ምንም ነገር አትሥራ። ምንም! ገብቶሃል?»

«ገብቶኛል ኦቦ ገመቹ።»

አልገባኝም። እኔ ዓይን ውስጥ የገባው የእትዬ ብርነሽ በረንዳ ነው። በረንዳቸው ላይ ነጭነቱ ወደ ቢጫ የዞረ፣ እጀታው ተሰብሮ በሩ በሲባጎ የታሰረ ትልቅ ፍሪጅ ቆሟል። የኤሌክትሪክ ገመዱ ተቆርጦ የልብስ ማስጫ ሆኗል። ምስኪን፣ አልኩ በሆዴ፤ ወንድ በሌለበት ቤት ይህን ማን ያንሳላቸው? ቅዳሜ እሳቸው በሌሉበት ባነሳላቸው፣ ሲመለሱ በረንዳው ሰፍቶ፣ ጸድቶ ቢያገኙት፣ «ይህን ማን አደረገልኝ?» ሲሉ፣ «ያ አስተማሪ» ቢባሉ! በሐሳቤ እትዬ ብርነሽ እጃቸውን ዘርግተው መርቀውኝ፣ ልጃቸውን ሰጥተውኝ፣ ሠርጉ ተደግሶ፣ እኔም ወይን ጠጅ ከረባት አስሬ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት እትዬ ብርነሽ ለቅሶ ሊደርሱ ኖፓ ሄዱ። ለአስቴር ደወልኩ። የስፌት መኪናዋ ከኋላ ይንጫጫል።

«በረንዳችሁ ላይ ያለው ፍሪጅ ይሠራል እንዴ?»

«ኧረ ከሞተ ስንት ዘመኑ! ምነው?»

«ምንም፣ እንዲያው ነው» ብዬ ዘጋሁት። ድንገት ላስደስታት ነበር ሐሳቤ።

ታዴ የሚባል ባለ ጋሪ ይዤ ሄድኩ። አጥሩ ጋ ያሉት ጎረቤቶች ከናቴራዬን አይተው ሰላም አሉኝ እንጂ ምን ልታደርግ ነው አላሉኝም። በአገራችን ጽሑፍ ያለበት ከናቴራ የለበሰ ሰው ቤት ቢያፈርስም የሚጠይቀው የለም። እኔና ታዴ ፍሪጁን ግራና ቀኝ ያዝነው። አልተነቃነቀም። ሌላ ጎረምሳ ጨመርን። ተነሳ፣ እኛም ተንቀጠቀጥን።

«ቲቸር፣ ይሄ ነገር ምን አለበት?» አለ ታዴ እያለከለከ።

«ሞተር ነው። የድሮ ዕቃ ሞተሩ ከባድ ነው፤ ቀሊል የሆነው የዛሬው ነው።»

«ውስጡን አየት ብናደርገውስ?»

ሲባጎውን አየሁት። ቋጠሮ በቋጠሮ ላይ ነው። «የሞተ ነገር ምን ይይዛል ብለህ ነው?» አልኩት። ውስጡ አንድ ነገር ሲንኮሻኮሽ ሰማን። «ብሎን ላልቶ ነው» አልኩ። ከዚያ ስለ ክብደት ማዕከል አጭር ገለጻ ሰጠሁት፤ ታዴ ግን ፈረሱን ማዘጋጀት ጀመረ።

ደንብ አክባሪ ስለሆንኩ ፍሪጁ ቆሞ ነው የሚሄደው አልኩ። ጋሪው ላይ ወጥቼ እንደ ዘመድ አቀፍኩት። ሰፈራችን ቁልቁለቱ አይጣል ነው፤ ፈረሱ ወገቡን እየሰበቀ፣ እኔ ፍሪጁን እየደገፍኩ፣ ፍሪጁ እኔን እየገፋኝ ትንሽ እንደሄድን ዝቅ ብሎ የተዘረጋ የመብራት ሽቦ ፊታችን ተጋረጠ። በኤሌክትሪክ ዕቃ አወጋገድ ስም በኤሌክትሪክ መሞት ነውር ነው። ስለዚህ ፍሪጁን አስተኛነው። ይኸው እንግዲህ፣ ገበያው ሳንደርስ የተማርኳቸውን ደንቦች በየተራ አፈረስኳቸው።

ዋናው መንገድ ላይ ስንወጣ ከበሩ ሥር አንድ ነገር መንጠባጠብ ጀመረ። ወፍራም፣ ነጣ ያለ፣ የማይቸኩል ፈሳሽ ነው። ደረቴም እጄም ርሷል። አሠልጣኙ ስለ አደገኛ ፈሳሽ የተናገረው ሁሉ ጆሮዬ ላይ አቃጨለ።

«ቁም!» አልኩ ታዴን። ጓንቴን አጠለቅሁ፣ አፌን ሸፈንኩ፣ መንገዱ መሃል ቆሜ እጆቼን ዘረጋሁ። «ወገኖቼ፣ ራቁ! አደገኛ ፈሳሽ ነው! ራቁ!»

የገበያ ቀን ነው። እኛ አገር ደግሞ ራቁ ከተባለ የማይመጣ የለም። ጤፍ የያዘው ከነጤፉ፣ ዶሮ የያዘችው ከነዶሮዋ መጥተው ከበቡን። ከመሃላቸው ማን ቢወጣ ጥሩ ነው? ኦቦ ገመቹ። ከዘራቸውን ተደግፈው አጎነበሱና በሌባ ጣታቸው ነካ አደረጉት።

«ኦቦ ገመቹ በሞቴ! መርዝ ነው!»

ላሱት። ዓይናቸውን ጨፈኑ። እንደገና ላሱት።

«ዳማ!» አሉ። «ማር ነው እኮ ሰውዬ! ያውም ነጭ ማር!»

«ማር የሚመስል ኬሚካል ነው! አሠልጣኙ ነግሮናል!» ብዬ ጮህኩ። አሠልጣኙ እንዲህ ያለ ነገር አልነገረንም፤ ግን አንዴ ጀምሬዋለሁ። ሰዉ አልሰማኝም። አንዷ በእንሰት ቅጠል ትቀበላለች፣ አንዱ ጣቱን ከነትከሻው ሊነክር ይቃጣዋል፣ እኔ ደግሞ ጓንት ባጠለቀ እጄ ሕዝብ ከመርዝ አድናለሁ። ከመርዝ የዳነ ሕዝብ እንዲህ ሲጣፍጠው አይቼ አላውቅም።

ያኔ ነው ሱሪዎቼ ትዝ ያሉኝ። ቤቴ ያሉት፣ ፍሪጅ ውስጥ የተደረደሩት። ቀስ ብዬ ወደ ፍሪጁ ዞርኩና በሩን አየሁት። ሲባጎው ለምን እንደዚያ ተጠንቅቆ እንደታሰረ ገባኝ።

ለማሰብም ጊዜ አልተሰጠኝም። «ካኒሳ! ካኒሳ!» አለ አንድ ሰው፤ ንብ ማለቱ ነው። የኢሉባቦር ጫካ ንብ ማር የት እንደፈሰሰ ለማወቅ ሥልጠና አያስፈልጋትም። ሕዝቡ እንደመጣው ሁሉ ተበተነ። ፈረሱ አንዴ ተነደፈና ከነጋሪው ሸመጠጠ፤ ፍሪጁ መንገድ ላይ ወደቀ፤ ሲባጎው ተበጠሰ፤ በሩ ወለል አለ። የማር ገንቦው ተሰብሮ፣ በጋዜጣ የተጠቀለሉ አዳዲስ ብርጭቆዎች፣ የቅቤ ቅል፣ ትልቅ ጎድጓዳ ሣህንና ሲፈተል የከረመ የሚመስል አዲስ ጋቢ አንድ ላይ ተለውሰው አስፋልቱ ላይ ተዘረገፉ።

ንቦቹም ቅድሚያ የሰጡት ለማሩ አልነበረም። ፍሪጁን አቅፌ ስለመጣሁ ከደረቴ እስከ ፀጉሬ በማር ተቀብቻለሁ። ሮጥኩ፣ ተከተሉኝ። ቆምኩ፣ ቆሙብኝ። የአፍ መሸፈኛው ጥቂት ገብተው እንዳይወጡ ረዳቸው። በመጨረሻ ሴቶች ኩበት አቀጣጥለው ጭስ ባያለብሱኝ ኖሮ ይህን የምታነቡት ከእኔ ሳይሆን ከለቀስተኞቼ ነበር።

ጭሱ ሲበርድ የመኪናው ሠራተኛ ከሜዳው መጣ። ፍሪጁን ከሩቅ ዞሮ ዞሮ አየው።

«ይህን አንቀበልም» አለ። «ዕቃ ባዶ መሆኑ ሳይረጋገጥ አይጫንም። አልነገሯችሁም?»

«ነግረውናል» አልኩ፣ ባበጠ አፌ።

በዚህ መሃል የኖፓ መኪና ደረሰ። እትዬ ብርነሽ የለቅሶ ነጠላቸውን እንዳዘቀዘቁ ወረዱ። መጀመሪያ ሰዉን አዩ፣ ከዚያ ፍሪጁን። ነጠላቸው ከትከሻቸው ወደቀ።

«ፍሪጄ! ኧረ የኔ ፍሪጅ ነው! ምን ጉድ ነው? የትኛው ሌባ ነው?» ጎንበስ ብለው ጋቢውን አነሱት፤ ማር ተንጠባጠበበት። «ነገ የልጄ ሽማግሌዎች የሚመጡበት ቀን! ያ ጨዋ አስተማሪ ሽማግሌ ይልካል ብዬ፣ ብርዝ ልበጠብጥላቸው ብዬ፣ ከያዩ ወረዳ ድረስ ልኬ ያስመጣሁት ማር! ጋቢው ለትልቁ ሽማግሌ ነበር! አሁን በምን ፊቴ እቀበላቸዋለሁ? ያ ምስኪን ልጅስ ቢሰማ ምን ይላል?»

ያ ምስኪን ልጅ አጠገባቸው ቆሟል። የገዛ ሽማግሌዎቹን ብርዝ ገበያ መሃል ደፍቶ።

ወደ እኔ ዞሩ። አላወቁኝም። ዓይኖቼ ጠፍተዋል፣ ከንፈሬ ዳቦ አክሏል፣ ግንባሬ ጉንጬን ሊያገኝ ምንም አልቀረውም። እናቴ ከመቃብር ተነስታ ብታየኝ «የማን ልጅ ነህ?» ትለኝ ነበር። ታዴ ፈረሱን ፍለጋ ሄዷል። የሚያውቁኝ ኦቦ ገመቹ ብቻ ናቸው። ክንዴን ጨመቅ አደረጉኝ።

«ጫል ጄዲ» አሉኝ በጆሮዬ። «ዝም በል። አላወቀችህም። ሌባው አመለጠ እንላለን። አንተ ሂድና እበጥ፤ እኛ ነገ ሄደን ልጅቷን እናመጣልሃለን።»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ምክሩ ጥሩ ነበር። አስቴርን የማጣት ፍርሃት ከንቡ ንድፊያ የባሰ ነበር። ዝም ብል እሁድ ሽማግሌ ይገባል፣ «ጨዋ አስተማሪ» እንደተባልኩ እቀራለሁ፣ እብጠቴ ሲጎድል ሙሽራ እሆናለሁ። ግን እትዬ ብርነሽ ያንን ጋቢ በነጠላቸው ጫፍ ሊጠርጉት ሲሞክሩ አየኋቸው። ይበልጥ ይለጠፋል፤ እሳቸውም አይተዉም፣ ይጠርጋሉ። አልቻልኩም።

«እትዬ» አልኩ። «ሌባው እኔ ነኝ።»

«አንተ ማነህ?»

«አስተማሪው ነኝ። የ... የነገው።»

ኦቦ ገመቹ ክንዴን ለቀው ሰማይ ሰማይ ያዩ ጀመር። እትዬ ብርነሽ ቀረብ ብለው ፊቴን መረመሩት፤ ከብዙ እብጠት ሥር አንድ የሚያውቁት ነገር አገኙ መሰለኝ። እርግማን ጠበቅሁ፣ ጥፊ ጠበቅሁ። ምንም አላሉም። ጋቢያቸውን ታቅፈው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ያን ዝምታ የሚያስችል ሥልጠና እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም።

ፍሪጁን በሰው ትከሻ በረንዳቸው መልሰን አቆምነው። አስቴር ስልኬን አላነሳችም። እኔም ስደውልላት አደርኩ።

እሁድ ጠዋት ኦቦ ገመቹ ከሽማግሌዎቹ ጋር ቤቴ መጡ። በጣም ተቆጥተዋል።

«ለእርቅ ነው ለጋብቻ የምንሄደው?»

«ለሁለቱም» አልኩ።

«በአንድ ከዘራ ሁለት ጉዳይ! ሂን ሶቾኢን አላልኩህም?»

«ብለውኛል።»

«ተነሱ እንሂድ» አሉ ለሽማግሌዎቹ፤ «ከተባረርንም በጊዜ እንባረር።»

እኔ ቤት ልቀመጥ ነበር ወጉ። የት አባቴ ልቀመጥ? ከኋላቸው ተከትዬ እትዬ ብርነሽ አጥር ሥር ተሸጎጥኩ፤ በተከፈተው በር ውስጡ ይታየኛል፣ ይሰማኛልም። ሽማግሌዎቹ ገብተው እንደ ወጉ ቆሙ። በወጉ «ተቀመጡ» ይባላል፣ እነሱም «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ይላሉ። እትዬ ብርነሽ «ተቀመጡ» አላሉም። ሽማግሌዎቹ ከዘራቸው ላይ እየተንጠለጠሉ ቆዩ።

በመጨረሻ ኦቦ ገመቹ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ ልጃችን አጥፍቷል። ማሩን ይተካል። ጋቢውንም ያስፈትላል። እርስዎ ብቻ...»

«ማር ይተካል» አሉ እትዬ ብርነሽ አቋርጠዋቸው። «ማር ምን ችግር አለው? ቀፎ ያለው ሰው ሞልቷል። እኔን ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ የነሳኝ ሌላ ነው። ትናንት ያን ሁሉ ስጮህ ልጁን አላወቅሁትም። እንደዚያ አብጦ ማን ያውቀዋል? ዝም ቢል ዛሬ ብርዝ የለኝም ብዬ አፍሬ፣ እናንተን ይቅርታ ጠይቄ፣ ልጄን እሰጠው ነበር። ያውም የሆነ ሰው ዝም በል እያለ በጆሮው ሲያንሾካሹክለት አይቻለሁ።»

ኦቦ ገመቹ ድንገት የጣሪያውን ማገር መመርመር ያዙ።

«እኔ» አሉ እትዬ ብርነሽ፣ «ሱቅ ከፍቼ ስኖር ስንት ዓይነት ሰው አይቻለሁ። ልጄን ለሞኝ ልሰጥ እችላለሁ፤ ሞኝ ይታገሡታል። ለውሸታም ግን ሞቼ እገኛለሁ እንጂ አልሰጥም። እስቲ ንገሩኝ፣ ይሄ ልጃችሁ የትኛው ነው?»

«ሞኝ ነው!» አሉ ኦቦ ገመቹ፣ ጊዜ ሳያባክኑ። «ሞኝነቱን እኛ እንመሰክራለን!»

«ከልጅነቱ ጀምሮ!» አለ ሁለተኛው ሽማግሌ።

«አገር ያውቀዋል!» አለ ሌላኛው።

«እንግዲያስ ተቀመጡ» አሉ እትዬ ብርነሽ።

የወንበር መንኮሻኮሽ ሰማሁ። አጥሩን ተደገፍኩ፤ ባበጠው ዓይኔ እንባ መውጫ አጥቶ ይታገላል። ጥቂት ቆይቶ አስቴር በጓሮው በር ብቅ አለች። ፊቴን አየችው። እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሳቋን ልትውጠው ሞከረች፣ አልሆነላትም፤ ስታለቅስም ስትስቅም ነበር።

«ና ግባ» አለችኝ፤ «ብርዝ የለም፣ ውሃ ቀድቼልሃለሁ።»